ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ መንጃ ፈቃድ ላይ ይጻፍ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ የመታጠቅ ፈቃድ ያለው ሰው ታጥቆ ሲወጣ ሁለት ነገር ከኪሱ መጥፋት የለበትም። አንዱ የሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የሰጠው ፈቃድ ነው። ሌላው መንግሥት ያወጣው ባለፎቶ መታወቂያ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይኼ መንጃ ፈቃዱ ነው። ፖሊስ «አሳየኝ» ካለው ሁለቱንም ማውጣት አለበት። ካላሳየ 25 ዶላር ይቀጣል። ለምን ሁለት ሆነ? ሕጉ ፈቃዱ ላይ እንዲሰፍር የሚያዘው ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ነው። ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፈቃዱ የማን እንደሆነ የሚመሰክርለት ሌላ ካርድ ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን አንድ ላይ አይሆኑም? መንጃ ፈቃዱ ጥግ ላይ አንዲት ምልክት ብትደረግ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሐሳቡ አሜሪካ ውስጥ ደጋግሞ ይነሳል። የሚያነሱትም ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ራሳቸው ሽጉጥ የሚታጠቁና የኪስ ቦርሳቸው በካርድ የተጨናነቀባቸው ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ «ፖሊሱ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይወቅ» የሚሉ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በሌላ የሽጉጥ ጉዳይ ላይ አንድ ጠረጴዛ አይቀመጡም። እዚህ ላይ ግን ይገናኛሉ።

ሲሰሙት የሚያጣላ ነገር የለውም። መንጃ ፈቃድ እኮ ድሮም ስለ መንዳት ብቻ አይናገርም። በብዙ ስቴቶች ከሞተ በኋላ የአካል ክፍሉን ለመለገስ የፈቀደ ሰው ካርዱ ላይ ምልክት አለው። በጦር ሠራዊት ያገለገለም እንደዚያው። መነጽር ካላደረገ መንዳት የማይችል ሰውም ይጻፍበታል። ሉዊዚያና ውስጥ በወሲብ ወንጀል የተመዘገበ ሰው ካርድ ላይ ይኼው በብርቱካናማ ፊደል እንዲታተም የሚያዝ ሕግ ነበር። በነገራችን ላይ ብዙ ሽጉጥ ያዦች ሐሳቡን ሲሰሙ የሚቆጡት ይቺን የመጨረሻዋን እያሰቡ ነው። ሕግ አክብሬ ባወጣሁት ፈቃድ ከእነሱ ተርታ ልሰለፍ ወይ፣ ይላሉ።

እኔ መጻፍ የለበትም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን የክብር ጉዳይ አይደለም። ምልክቱ የሚናገረው ፖሊሱ ሊያውቅ የሚፈልገውን ነገር አለመሆኑ ነው።

ፖሊሱ መኪና አስቁሞ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ ነው። አሁን፣ እዚህ መኪና ውስጥ፣ ሽጉጥ አለ ወይስ የለም? ምልክቱ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ሽጉጥ እንዲታጠቅ ተፈቅዶለታል ወይ? ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎበት ሊሆን ይችላል። ፈቃድ የሌለው ደግሞ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀርቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥን በግልጽ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ ለመሄድ በአብዛኛው ቦታ ፈቃድ አያስፈልግም። ፈቃድ የሚጠየቀው ለሚደብቀው ነው።

ከቨርጂኒያ ሲወጡ ነገሩ ይብስበታል። ዛሬ ከ50ዎቹ ስቴቶች በ29ኙ ሽጉጥ ደብቆ ለመታጠቅ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ፣ ጆርጂያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳላስና አትላንታ የሚኖረው ሐበሻ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በእነዚህ ቦታዎች ፈቃድ ማውጣት አሁንም ይቻላል፤ ግን በፈቃደኝነት ነው። ስለዚህ አትላንታ ላይ መኪና ያስቆመ ፖሊስ ምልክት የሌለበት ካርድ ቢሰጠው ምን ተረዳ? ምንም። ምልክት ያለበት ቢሰጠውስ? ይህ ሰው ክፍያ ከፍሎ፣ ጣቱን አሳትሞ፣ ታሪኩ ተጣርቶ ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ተረዳ። ማለትም ሊፈራው ከሚገባው ሰው መካከል ምናልባት የመጨረሻውን።

እዚህ ላይ የፊላንዶ ካስቲልን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጁላይ 6 ቀን 2016 ምሽት ነው። ቦታው ሚኒሶታ ውስጥ ፋልከን ሃይትስ። ካስቲል የ32 ዓመት ሰው ነው፤ ሴንት ፖል ውስጥ በትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ይሠራል። አጠገቡ ፍቅረኛው፣ ከኋላ የእሷ የ4 ዓመት ልጅ ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ጄሮኒሞ ያኔዝ ያስቆማቸዋል፤ የፍሬን መብራታችሁ አይሠራም ይላል። መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃል። ካስቲል የኢንሹራንሱን ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ሽጉጥ መያዜን ልነግርዎ ይገባል» ይላል። ፖሊሱ እንዳታወጣው ይለዋል። «እያወጣሁ አይደለም» ይላል ካስቲል። ፖሊሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ወዲያው ሰባት ጥይት። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ያለቀ ነው፤ የፖሊስ መኪናው ካሜራ ቀርጾታል። ካስቲል ፈቃድ ነበረው። ያኔዝ ተከስሶ በጁን 2017 በነፃ ተለቀቀ።

ይህን ታሪክ የምልክቱ ደጋፊዎችም ይጠቅሱታል። «ካርዱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ» ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉት። መንጃ ፈቃዱ ገና ከኪስ አልወጣም ነበር። ካርዱ ላይ በወርቅ ቀለም ቢጻፍበትም ፖሊሱ ሊያነበው አይችልም። ፍቅረኛው እንደተናገረችው እጁን የሰደደው መንጃ ፈቃዱን ሊያወጣ ነው። አደጋው ያለው ካርዱ ከተነበበ በኋላ አይደለም፤ ካርዱን ለማውጣት እጅ ወደ ወገብ ሲወርድ ነው። የኪስ ቦርሳና ሽጉጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰፈር ናቸው። ምልክቱ መረጃውን የሚያደርሰው ጭንቁ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው።

የሚኒሶታ ሕግ ደግሞ ካስቲልን ሳይጠየቅ እንዲናገር አያስገድደውም ነበር። እዚያ ፈቃድ ያለው ሰው መታጠቁን መናገር ያለበት ፖሊሱ ከጠየቀው ነው። ሚሺጋንን የመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ ወዲያው፣ ሳይጠየቅ ተናገር ይላሉ። ኦሃዮም እንደዚያ ነበረች፤ በ2022 ግን ሲጠየቅ ይመልስ ወደሚለው ዞረች። ካስቲል ከሕጉ በላይ ጨዋ ለመሆን ሲሞክር ነው የሞተው። ስለዚህ ክርክሩ ሊያተኩርበት የሚገባው ስለ ካርዱ ዲዛይን ሳይሆን ስለዚያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ቀድሞ ይናገር? እጅ የት ይሁን? ፖሊሱ መጀመሪያ «እጅህን መሪው ላይ አድርግ፤ መሣሪያ አለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መንጃ ፈቃዱን ከዚያ በኋላ ቢል፣ ከምልክቱ ይልቅ ብዙ ይሠራል። ይህ የሥልጠና ጉዳይ ነው። ካርድ በማሳተም የሚመጣ አይደለም።

«እሺ፣ ባይጠቅምም ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ ካርዱን የሚያየው ፖሊስ ብቻ አለመሆኑ ነው።

እስቲ መንጃ ፈቃዳችሁን ባለፈው አንድ ዓመት ለማን ለማን እንደሰጣችሁ አስቡ። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው አይ-ናይን የሚባለውን ፎርም ሲሞላ ያቀርበዋል፤ ብዙ አሠሪ ኮፒውን ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። አፓርታማ የተከራየ ለአከራዩ ሰጥቷል። ሆቴል ያደረ፣ መኪና የተከራየ፣ ባንክ ሂሳብ የከፈተ፣ ፋርማሲ መድኃኒት የወሰደ፣ አውሮፕላን የተሳፈረ፣ ሁሉም አሳይቷል። ቢራ ሊገዛ የገባ ሰውን ደግሞ ሻጩ ካርዱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ባርኮድ ስካን ሲያደርገው አይቻለሁ። ስምና አድራሻ እዚያ ውስጥ አለ። ምልክቱ ከፊት ቢጻፍ ሁሉም ያየዋል፤ ባርኮዱ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የማናውቀው ኮምፒውተር ያስቀምጠዋል።

በተለይ የኛን ሰው አስቡት። ዲሲና አካባቢው ላይ ስንቱ ኡበርና ሊፍት ይነዳል። ኡበር ከ2015 ጀምሮ ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል። ሹፌሩ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ ለኩባንያው መላክ አለበት። ሱቅ ስላለው፣ ሌሊት ገንዘብ ይዞ ስለሚወጣ ፈቃድ ያወጣ፣ በትርፍ ሰዓቱ ኡበር የሚነዳ ሰው ሽጉጡን አንድም ቀን መኪናው ውስጥ ሳያስገባ ማብራሪያ ሊጠየቅ ነው። የሚጠይቀው ሰው ባይኖር ኮምፒውተሩ ይጠይቀዋል። ከኮምፒውተር ጋር የተከራከረ ሹፌር ደግሞ መጨረሻውን ያውቀዋል።

የኪስ ቦርሳው ቢጠፋስ? ሌባው እጅ የገባው ካርድ የቤት አድራሻ ያለበት ነው። አጠገቡ ደግሞ «እዚህ ቤት ሽጉጥ አለ» የሚል ምልክት። ከዚህ የበለጠ ጥቆማ የለም።

ይህን ስጋት ማጋነን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ የመንጃ ፈቃድ መዝገብን የቆለፈችው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በ1989 ሬቤካ ሼፈር የተባለች ወጣት ተዋናይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤቷ በር ላይ ተገደለች። ገዳዩ ሲከታተላት የኖረ ሰው ነው። አድራሻዋ የተገኘው በግል መርማሪ በኩል ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። ጉዳዩ ካሊፎርኒያን ብቻ ሳይሆን ኮንግረስንም አነቃና በ1994 የአሽከርካሪዎችን መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ወጣ።

የሽጉጥ ፈቃድ ዝርዝር ላይም የደረሰ ነገር አለ። በ2007 ሮአኖክ ታይምስ የተባለው የቨርጂኒያ ጋዜጣ የፈቃድ ባለቤቶችን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ለቀቀው። ከ130 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት። ቁጣው ሲበረታ ወዲያው አነሳው። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ጆርናል ኒውስ የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሁለት ካውንቲ ፈቃድ ያዦችን ከነቤታቸው በካርታ አሳየ። ቨርጂኒያ በ2013 የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች የፈቃድ አመልካቾችን መረጃ ለሕዝብ እንዳይሰጡ በሕግ ከለከለች። ካሊፎርኒያ በ2022 ጁን ላይ ማንም ጋዜጣ ሳያስቸግራት ራሷ አፈሰሰችው፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቷ የሽጉጥ መረጃ ገጽ ሲከፈት የ192 ሺህ ገደማ ሰው ስምና አድራሻ ወጣ። ቨርጂኒያ መዝገቡን በሕግ ቆልፋ ስታበቃ ያንኑ መረጃ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ አትማ ብታድል ምን ዓይነት ነገር ነው?

እውነቱን ለመናገር ፖሊሱ ብዙ ቦታ ካርዱን ሳያይም ሊያውቅ ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ መንጃ ፈቃዱንም የሽጉጥ ፈቃዱንም የሚሰጠው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ፖሊሱ ስሙን መኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ሲያስገባ ውጤቱ አብሮ ይመጣል። እኔ ይህን ዓይነቱን አልቃወምም። ከባንክ ሠራተኛና ከአከራይ ዓይን ይጠብቃል። ፈቃዱ ቢሰረዝ መዝገቡ የዚያኑ ቀን ሊታረም ይችላል። ካርድ ግን አይታረምም። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ እስከ 8 ዓመት ያገለግላል፤ የሽጉጥ ፈቃዱ 5 ዓመት ነው። ሚስቱን አስፈራርቶ ፍርድ ቤት ሽጉጥ እንዳይነካ ያዘዘው ሰው ፈቃዱን ቢነጠቅም ካርዱ ላይ ያለው ምልክት ለዓመታት «የተፈቀደለት» እያለ ይቀጥላል።

መዝገብም ቢሆን ችግር የለውም ማለት አይደለም። በ2013 የመጨረሻ ቀን አንድ የፍሎሪዳ ነዋሪ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር በሜሪላንድ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ሲያልፍ ፖሊስ ያስቆመዋል። ሰውየው የፍሎሪዳ ፈቃድ አለው። ሽጉጡ ግን ፍሎሪዳ ቤቱ ነው። ፖሊሱ ፈቃዱን ከመዝገብ አይቶ ይመስላል፣ ሽጉጡ የት እንዳለ መጠየቅ ጀመረ። ባልየው ቤት ነው ሲል፣ ሚስቱ ለብቻዋ ተጠይቃ እርግጠኛ ሆና መመለስ አልቻለችም። መኪናው ተበረበረ፤ ሻንጣው ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። ሽጉጥ አልተገኘም። ለረጅም ሰዓት ከቆዩ በኋላ ሂዱ ተባሉ። ጉዳዩ ያን ጊዜ ብዙ አነጋግሯል። «ተፈቅዶለታል» የሚለው መረጃ እንዴት ወደ «ታጥቋል»፣ ከዚያም ወደ «ደብቆናል» እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሕጉም ለዚህ በር ከፍቷል። ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድን፣ ዌስት ቨርጂኒያንና ሁለቱን ካሮላይናዎች የሚዳኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 በሮቢንሰን ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ሰውየው እንዲቆም የተደረገው የደኅንነት ቀበቶ ባለማሰሩ ነው። ሽጉጥ እንደያዘ ጥቆማ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይኼ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ እንዲቆም የተደረገ ሰው መታጠቁ በበቂ ምክንያት ከተጠረጠረ ፖሊስ ሊፈትሸው ይችላል፤ ፈቃድ ሊኖረው መቻሉ ነገሩን አይለውጠውም። ምልክት ብቻውን መታጠቅን አያረጋግጥም ብሎ ጠበቃ ይከራከር ይሆናል። ክርክሩ ግን ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍተሻው አሁን፣ ልጆችህ እያዩ ነው።

በፈቃደኝነት ይሁን የሚሉም አሉ። የፈለገ ያስጽፍ፣ ያልፈለገ ይተው። ይህ ከሁሉም የተሻለው ክርክራቸው ነው፤ የኪስ ቦርሳውን ማቅለል የፈለገን ሰው ማን ይከለክለዋል? ችግሩ በፈቃደኝነት የሆነ ምልክት ለፖሊሱ ጭራሽ ትርጉም አይኖረውም። ምቾት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለምቾቱ ደግሞ ቀለል ያለ መፍትሔ አለ፤ ቨርጂኒያ ፈቃዱ ላይ ፎቶ ታድርግበት። የቴክሳስ ፈቃድ ባለፎቶ ካርድ ነው። በስልክ የሚያዘው መንጃ ፈቃድም ሌላ መንገድ ነው። ሜሪላንድ ከ2022 ጀምሮ በአይፎን አላት። የተሠራበት ስታንዳርድ ቢራ ሻጩ ከ21 ዓመት በላይ መሆንህን ብቻ እንዲያይ፣ ሌላውን እንዳያይ ይፈቅዳል። የሽጉጥ ፈቃድም ለፖሊስ ብቻ የሚከፈት ሊሆን ይችላል። ስልክም ከኪስ መውጣቱ ግን አይቀርም፤ የካስቲል ችግር እዚያው አለ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ለኛ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሜሪላንድም ዲሲም ካሊፎርኒያም ይነዳል። ማንም «ያንተ ስቴት ፈቃድ እዚህ አይሠራም» አይለውም። የሽጉጥ ፈቃድ እንዲህ አይደለም። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ሜሪላንድም አትቀበልም። የሁሉም ስቴት ፈቃድ በየስቴቱ ይሥራ የሚለው ረቂቅ በዲሴምበር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር፤ ሴኔት ግን አላጸደቀውም። ሁለቱን አንድ ካርድ ላይ ስታትማቸው ባለቤቱ ሁለቱም እኩል የሚጓዙ ይመስሉታል።

ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የ14ኛ ጎዳናን ድልድይ መሻገር ጥቂት ደቂቃ ነው። ወዲህ ማዶ ሕጋዊ የነበረው ሽጉጥ ወዲያ ማዶ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ይሆናል። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ እስሩ የመጀመሪያው ችግር ነው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ማንኛውንም ሕግ ጥሶ ሽጉጥ በመያዝ የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። ልጆቹ እዚህ ተወልደው፣ ሃያ ዓመት ታክስ ከፍሎ ኖሮም ቢሆን።

አላፊ መንገደኛን የሚጠብቅ የ1986 የፌዴራል ሕግ አለ። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ ከተሳፋሪዎች እጅ የራቀ ቦታ፣ ለምሳሌ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተቀመጠ መሆን አለበት። ሰውየው ደግሞ የሚነሳበትም የሚደርስበትም ቦታ ሽጉጡን መያዝ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ዩ ስትሪት ጎራ ብሎ ክትፎ ሊበላ የወጣ ሰው ግን አላፊ አይባልም፤ መድረሻው ዲሲ ነው።